የራሔል ኩላሊትና የሆዴ ነዋሪዎች

ሰናይት እባላለሁ። ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። ዛሬ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር ሜዳውን ዞሬ ሮጥኩ። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን ሮጥኩ። መሮጥ ምን ይገርማል የሚል ካለ ቀጥሎ ያለውን ያንብብልኝ። ይልቁንም ምግብ እያስጠላው፣ ገላው እያሳከከው፣ "ጨጓራ ነው" እየተባለ ክኒን የሚያቀያይር ሰው ካለ፣ እሱ ሳይውል ሳያድር ያንብብልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአፌ ነው። የምበላው ሁሉ ሳንቲም የላስኩ ይመስል ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። እንጀራውም፣ ወጡም፣ ሻዩም አንድ ሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ያረገዝኩ መስሎኝ ተመረመርኩ፤ አይደለም ተባልኩ። ባለቤቴ፣ የልጆቼ አባት ጌታሁን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ሲያመነታ ቆየና፣ የአፌ ሽታ እንደተለወጠ፣ ሽንት ሽንት እንደሚል ነገረኝ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ጥርሴ ደህና ነው።

አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ጨጓራና ታይፎይድ ነው አለኝ። የታዘዘልኝን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላው አሜባ አለ። ያንንም ጨረስኩ። ከዚያ ማሳከኩ መጣ። ሽፍታ የለው፣ ቁስል የለው፣ ዝም ብሎ ከቆዳ ሥር የሚበላ ነገር። ጀርባዬን በማበጠሪያ እስክፍቅ ድረስ። ሦስተኛው ሐኪም አለርጂ ነው ብሎ ሳሙናዬን አስቀየረኝ። በመካከሉ ራሴን ሲያመኝ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛሁ እንደ ከረሜላ እውጥ ነበር። ያ ማስታገሻ ሲበዛ ኩላሊት እንደሚጎዳ ማን ነገረኝ? ራስ ምታቱስ ከደም ግፊት ሊሆን እንደሚችል? ከነዚያ ሐኪሞች አንዳቸውም ግፊቴን አልለኩም። እኔም ለኩኝ አላልኩም።

ጠዋት ፊቴ ያብጣል፤ ማታ ደግሞ እግሬ ጫማ አላስገባ ይላል። ልጆቹን ለማሰለፍ ፊሽካ ስነፋ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። በመጨረሻ ጌታሁን ሥራውን ትቶ ጳውሎስ አካባቢ ያለች አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሴትዮዋ ብዙ አልጠየቀችኝም። ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችና ለቀቀች፤ የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ሽንቴ አረፋ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደ ሳሙና ውሃ ነው አልኳት። ግፊቴን ለካች፤ ከዚያ ደም አስመረመረችኝ። ውጤቱን ስትነግረኝ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ነው። ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባው ቆሻሻ ደሜ ውስጥ ተከማችቷል፤ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሊያበቁ ምንም አልቀራቸውም። ለዓመታት ያላወቅሁት ግፊት ነው የበላቸው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጌታሁን እጄን ይዞኝ ነበር።

የኩላሊት እጥበት ጀመርኩ። ደሜ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ታጥቦ ይመለሳል። ሰው ይለመዳል ቢልህ አትመን፤ ግን ይቻላል። የሚከብደው ጥማቱ ነው። ኩላሊት ስለማይሠራ የጠጣኸው ሁሉ እዚያው ሰውነትህ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ በቀን የተፈቀደልኝ ውሃ እፍኝ የምታህል ነበር። ሙዝ ክልክል፣ ብርቱካን ክልክል፣ አቮካዶ ክልክል። ሆዴ ደግሞ ድርቅ ብሎ ለቀናት አይንቀሳቀስም። ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የምናወራው ስለ ምግብ ነው። አንድ ከሱሉልታ የሚመጡ አዛውንት ሁልጊዜ ስለ ምንጭ ውሃ ያወሩልን ነበር፤ አንድ ጊዜ ሁላችንም እንዲተዉን ለመንናቸው። ተሳሳቅን። የሳቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

እናቴ እጥበቱን አልወደደችውም። እንጦጦ ወጥቼ ጠበል እንድጠጣ ፈለገች፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ ይዛልኝ መጣች። ብጠጣው ሳንባዬ ውሃ ይቋጥራል ብዬ ባስረዳት እምነት አነሰሽ አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። በኋላ የንስሐ አባቷ ናቸው የገላገሉን። ጠበል በእምነት እንጂ በልክ እንዳልሆነ፣ ጠብታዋም እንደምትበቃ፣ ሐኪሙንም የላከው እግዚአብሔር እንደሆነ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ በጣቷ እያጠቀሰች ግንባሬን ትቀባኝ ነበር። ያቺ ጠብታ እኔንም ታጽናናኝ ነበር።

ዶክተር ሊያን የተዋወቅኋት እጥበቱ ላይ ተኝቼ ነው። የኩላሊት ሕክምና ልዩ ሙያ የምትማር ወጣት ሐኪም ናት፤ ፈጥና ትናገራለች፣ ፈጥና ትራመዳለች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ለጥናት ሰገራ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የቀለደች መሰለኝ። ኩላሊት ከመተካቱ በፊትና ከተተካ በኋላ በበሽተኛ አንጀት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እንዴት እንደሚለወጡ፣ ያም ከሕመም ስሜታችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማወቅ ነው የፈለገችው። ማቅለሽለሹን፣ ማሳከኩን፣ ድካሙን፣ እንቅልፌን ሁሉ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ማሳከክ እንደዚህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሐኪም የለም።

"ኩላሊቴ ነው የታመመው፣ ሆዴ ምን አገባው?" አልኳት።

"አንጀትሽ ውስጥ አንድ ከተማ ሙሉ ነዋሪ አለ" አለችኝ። "አብዛኞቹ ይጠቅሙሻል። ኩላሊት ሲደክም ግን ቆሻሻው መውጫ ያጣና ወደ አንጀት ይዘልቃል፤ ደጋጎቹ ነዋሪዎች ይመናመናሉ፣ ሌሎቹ ይበዛሉ። የበዙት ደግሞ ከምትበዪው ምግብ መርዝ ይሠራሉ። ጤነኛ ኩላሊት ቢኖርሽ በሽንት ታስወጪው ነበር። አሁን መርዙ ተመልሶ ደምሽ ውስጥ ይገባል። ማሳከኩም፣ ማቅለሽለሹም፣ መጫጫኑም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለናል። ገና እያጠናነው ነው።"

እንዴት እንደተደሰትኩ መናገር አልችልም። መዳኔ አልነበረም ያስደሰተኝ፤ ምንም አልዳንኩም። ግን ስንት ጊዜ ሙሉ ሰውነቴ ዝም ብሎ የከዳኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ምክንያት አለው። አስተማሪ ነኝና ጥያቄ በጥያቄ አደረግኋት፤ የእጥበቱ ሰዓት ሳይታወቀኝ አለቀ። በማግስቱ የጠየቀችኝን በተሰጠኝ ዕቃ በሚገባ አሽጌ ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቦርሳዬን ጭናቸው ላይ ልያዝልሽ ብለው ሲለምኑኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ማን ኩላሊት ይሰጠኛል የሚለው ጥያቄ ግን አያስቅም ነበር። ጌታሁን የመጀመሪያው ነበር፤ ደሙ ከደሜ አልገጠመም። እናቴ ክንዷን ዘረጋች፤ ግፊት ስላለባት አይሆንም ተባለች። የቀረችው ታናሽ እህቴ ራሔል ነበረች።

ስለ ራሔል ልንገራችሁ። ቤታችን ከጥንት ጀምሮ የኦርቶዶክስ ቤት ነው። ራሔል በዩኒቨርሲቲ ሳለች ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ያገባችውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ ሠርጓ ላይ አልተገኘችም። ከዚያ በኋላ በስልክ ደህና ናችሁ ይባባላሉ፤ ለልደቱ ለበዓሉ ራሔል ልጇን ይዛ ትመጣለች። እናቴ ግን ራሔል ቤት እግሯን አንሥታ አታውቅም። መካከል ላይ ሆኜ የማስታርቅ መስሎኝ ብዙ ደክሜያለሁ፤ ኋላ ተውኩት። ስለዚህ ራሔልን ኩላሊት ስጪኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ትንሽ ልጅ አላት።

አንድ ቀን እጥበት ላይ ሳለሁ መጣች። ከወንበሩ ላይ ቦርሳዬን አነሣችና ተቀመጠች። ሳትነግረኝ ተመርምራለች።

"ደማችን አንድ ነው" አለችኝ። "የቀረውንም ምርመራ ጀምሬያለሁ።"

አይሆንም አልኳት። ልጅሽን አሳድጊ፣ እኔ በዚህ እኖራለሁ አልኳት። እሷ ግን ስትበሳጭ ድምጿ ይበልጥ ዝቅ ይላል።

"እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ግን ለምን እምቢ እንዳልሽ ለልጆችሽ አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።"

ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

ምርመራው ብዙ ነው፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ደም፣ ሽንት፣ ሁሉም ይታያል። ማንም እንዳላስገደዳት፣ በፈቃዷ እንደሆነም ለብቻዋ አስቀምጠው ደጋግመው ጠየቋት። ዶክተር ሊያም ከጤነኛ ሰው ጋር ማነጻጸር ስለምትፈልግ የራሔልንም ናሙና ወሰደች። የእናቴ ነገር ግን ከበደ። ስንነግራት ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳበችና፣ ሁለቱንም ልጆቼን በአንድ ቀን ቢላ ሥር አስተኝቼ የት ልሂድ አለች። ሱባዔ ገባች።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት ሁለታችንም አረንጓዴ ልብስ ለብሰን ጎን ለጎን በተሽከርካሪ አልጋ ሄድን። ራሔል አይዞሽ አላለችኝም። "ሽንት ስትሸኚ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ" ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከጌታሁን ነው። እናቴና የራሔል ባል መጠበቂያው ክፍል ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ እሷ በዚህ ጫፍ፣ እሱ በዚያ ጫፍ ተቀምጠው ዋሉ። እሷ ውዳሴ ማርያሟን ይዛ፣ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ። ከሰዓት በኋላ ሻይና ደረቅ ዳቦ ገዝቶ አጠገቧ አኖረላት፤ የጾም ነው አላት። ቆይታ በላችው።

ስነቃ አንዲት ነርስ ከአልጋዬ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሽንት ነው። ጥርት ያለ፣ ገለባ የመሰለ ሽንት፣ እያየሁት ጠብ ጠብ ይላል። የራሔል ኩላሊት እኔ ውስጥ ገብቶ ሳይውል ሥራውን ጀምሯል። ሰው ሽንት አይቶ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ቃሌን ጠብቄ ነርሷን ወደ ራሔል ክፍል ላክኋት። ተመልሳ፣ እህትሽ ስንት ሊትር ሆነ ብላለች አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሠርግ ነበሩ። ጠጪ ተባልኩ! ጥማት ሲያነድደኝ የከረምኩት ሴትዮ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ተሰጥቶኝ ጨርሺው ተባልኩ። ማሳከኩ እየቀለለ ሄዶ አንድ ጠዋት ጨርሶ እንደሌለ ገባኝ። ሾርባ ስጠጣ ጨዉ አነስ እንዳለ አወቅሁ፤ ምላሴ ተመልሷል ማለት ነው። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ሲስመኝ፣ ሽታሽ ተመለሰ አለኝ። ለዶክተር ሊያ ይህን ሁሉ ስነግራት እሷም እንደ እኔ ትፈነድቃለች።

ደስታው ግን ያለ እንቅፋት አልሄደም። ቤት ከገባሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተቅማጥ ያዘኝ። ተራ ተቅማጥ መስሎኝ ቻልኩት። እናቴ ሆድ ያረጋል ብላ ከሰፈር የገዛችውን እርጎ በቅል ይዛ መጣች። ጎረቤታችን ደግሞ ለእሷ ተቅማጥ ታዝዞ የሠራላትን ፀረ ተሕዋስያን ክኒን ላከችልኝ። እኔ ያሰብኩት ከሁሉም የባሰ ነው፤ የኩላሊቱን መድኃኒት ለጥቂት ቀን ላቁመው አልኩ። ጌታሁን ቅሉንም፣ ክኒኑንም፣ እኔንም ገሸሽ አደረገና ለዶክተር ሊያ ደወለ። አሁኑኑ ይዘሃት ና አለችው።

ተኛሁ። ሰውነቴ ደርቆ ነበር፤ የኩላሊቱም ውጤት ወርዷል። በዚያ አልጋ ላይ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። የራሴ ኩላሊት ሲበላሽ የራሴ ነበር። ይህ የራሔል ነው። በየጠዋቱ ደም ሊቀዱኝ ሲመጡ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አደራ፣ አደራ እል ነበር።

ዶክተር ሊያ ምክንያቱን አብራራችልኝ። አዲሱን ኩላሊት ሰውነቴ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው መከላከያዬን የሚያስተኛ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ከቀዶ ሕክምናው ጋርም ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን ተሰጥቶኛል። እነዚህ ሁሉ ሲደራረቡ በሆዴ ያለውን ከተማ ጎርፍ እንደመታው አደረጉት። ጎጂውም፣ ደጉም ነዋሪ አብሮ ተጠርጓል። ሌላ ተላላፊ ነገር እንደሌለ አረጋገጡ፣ ፈሳሽ ሰጡኝ፣ ከመድኃኒቶቹ የአንዱን መጠን አስተካከሉ። በራሴ ጊዜ አቁሜው ቢሆን ኩላሊቱን ላጣው እችል እንደነበር ነገረችኝ።

እናቴ በእርጎው ነገር ተቀይማ ነበር። ዶክተር ሊያ ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ እርጎዎ መጥፎ ሆኖ አይደለም" አለቻት። "የእሷ መከላከያ ግን ተኝቷል። ካልፈላ ወተት የሚመጣ ተሕዋስ እኛን ምንም ሳያደርገን እሷን ይጥላታል። አሁን የምትበላው በደንብ የበሰለ ነው።"

"ታዲያ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ምን ላብላቸው?" አለች እናቴ።

ዶክተር ሊያ ሳቀች። ኩላሊቴ ከተረጋጋ ሽሮ፣ ምስር፣ የበሰለ ጎመን፣ የገብስ ገንፎ ይስማማቸዋል አለቻት። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ የእነሱ ወጥ ቤት ሆነች። በየጠዋቱ ስልክ ደውላ የምትጠይቀኝ፣ እንግዶችሽ እንዴት አደሩ ብላ ነው።

ቀስ በቀስ ሆዴ ረጋ፤ የኩላሊቱም ውጤት ተመለሰ። ወጪው፣ ምልልሱ፣ የጌታሁን ድካም በዚህ አያልቅም፤ እድሩም፣ የራሔል ጉባኤም፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎችም ደግፈውናል። የምታነበኝ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይህን ያዝልኝ፦ ግፊትህን ተለካ። ማስታገሻ አታዘውትር። ለጎረቤት የታዘዘ ፀረ ተሕዋስያን አትዋጥ። ፊትህ ካበጠ፣ ሽንትህ አረፋ ከሠራ፣ ጨጓራ ነው ሲሉህ ኩላሊቴንም እዩልኝ በል። ኩላሊት የተተካልህ ከሆንክ ደግሞ ሆድህ ሲታወክ አትቻለው፣ ደውል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ዶክተር ሊያ ውጤቱን ልታሳየን እኔንና ራሔልን ጠራችን። እናቴም ልምጣ አለች። ኮምፒውተሩ ላይ በቀለማት የተከፋፈሉ ዓምዶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ዓይነት ነዋሪ ነው። በእጥበት ጊዜ የነበረው የእኔ ዓምድ በጥቂት ቀለም የተሞላ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ደግሞ የባሰበት፣ ሁለት ሦስት ቀለም ብቻ። የመጨረሻው ግን ብዙ ቀለም ነበረው። አጠገቡ የራሔል ዓምድ ቆሟል።

ዶክተር ሊያ ጠንቃቃ ናት። የአንድ ሰው ነገር ማረጋገጫ አይሆንም፣ ያልተመለሱም አሉ አለችን። ግን የእኔ ከቀድሞው የእኔ ይልቅ ወደ ራሔል ቀርቧል። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ስክሪኑን በጣቴ መንካት አማረኝ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ዓምዶች ለረዥም ጊዜ አየች። የትኛው የማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ዶክተር ሊያ አሳየቻት።

ስንወጣ ራሔል ምሳ እኔ ቤት ነው አለች። ወደ እኔ እያየች ነው ያለችው፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እናቴ ታክሲው በር ላይ ትንሽ ቆመችና ገባች። እኔ መሀል ተቀመጥኩ፤ መተንፈስም ፈራሁ።

ራሔል መጾም ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን ገበታው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀረበም። ልጇም ባሏም አብረው ጠበቁ። ሲቀርብ ቅቤ ያልነካው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነበር። እናቴ ጸሎቷን አደረሰች፤ የራሔል ባልም በራሱ ጸለየ። ከዚያ ሁላችንም ቀና ሳንል በላን።

ፊቷ ያለው ሲያልቅ እናቴ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ራሔልን አየቻት።

"ከሽሮው ጨምሪልኝ" አለቻት።